ጋራዥ ውስጥ የተሠራችው መርከብ

ቅድም ጥፍርሽን ስትቀቢ የቀለሙ ሽታ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ወደነበረው ጋራዥ ወሰደኝ። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ እናትሽ ገና ተማሪ ነበረች። እኛ ፎቁ ላይ፣ ጃፓናዊቷ አከራያችን ከሥር እንኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሰማንያን ያለፈች ሴት ነበረች።

አያትሽ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ታክሲውን ባቆመ ቁጥር ጋራዥ ወርዶ፣ አሮጊቷ በሙሽርነቷ የመጣችባትን መርከብ አሳንሶ ከእንጨት ይሠራላት ነበር። እራት ላይም ወሬው ይህችው መርከብ ናት። በሰላሙ ጊዜ ሙሽሮችና ሐር ጭና ውቅያኖስ ታቋርጥ እንደነበር፣ የዓለም ጦርነቱ ሲመጣ ቀይ መስቀል ተቀብቶባት ቁስለኛ እንዳመላለሰች፣ ሲያበቃም የተሸነፉትን ወታደሮች አገራቸው እንደመለሰች ይነግረኛል። አብረዋት የተሠሩት ሁለቱ መርከቦች ሰጥመው እሷ ብቻ ቀረች።

ስለ ራሱ መርከብ ግን ሃያ ዓመት ስንኖር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

"ባሕር ምን ይወራል? ውኃ ነው" ይለኝ ነበር።

በሰማንያ ዓመት አሮጊት ቀናሁ። ስናገረው ዛሬም ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ ምሳውን ጋራዥ አወረድኩለት። የሚጠጣ ረስቼ ኖሮ ይዤ ስመለስ፣ እኔ በሠራሁት ሽሮ ጠቅልሎ አሮጊቷን ያጎርሳል። እጇ ቀለም ስለነካው አፏን ከፍታ ትጠብቀዋለች። እኔን ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሰኝ በሠርጋችን ቀን ነው።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አልኩ።

"ታዲያ ሁለተኛውን ልጨምርላቸዋ!" ብሎ ሳቀ።

አሮጊቷ ያልነው አልገባትም። ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች፣ "ስለ ጓደኛው አዝናለሁ" አለችኝ። "ሞተር ክፍሉ ሲቃጠል ባለቤትሽ በሩን የዘጋበት ታዞ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።"

የምን ጓደኛ? የምን በር? አያትሽ ዓይኑን ከመርከቧ አላነሳም። ውኃውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እራት ላይ፣ "ለእሷ የነገርከውን ለእኔ ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት።

እንጀራውን ገፋ አደረገ።

"ለእሳቸው በእንግሊዝኛ ነው የነገርኳቸው። በአማርኛ አልችልም። በሩን እየደበደበ ክፈትልኝ ያለኝ በአማርኛ ነዋ።"

"እንግዲያው ለእኔም በእንግሊዝኛ ንገረኝ።"

ነገረኝ። ሳያቋርጥ፣ ጠረጴዛውን እያየ ነገረኝ። ያኔ የእኔ እንግሊዝኛ ከገበያ የሚያልፍ አልነበረም፤ የገባኝ ግማሹ ነው። ድገምልኝ ማለት አልሆነልኝም። እንግሊዝኛዬ ሲበረታ እሱ የለም።