ከሁሉም ላይ አምስት ኪሎ

ወላጅ ያወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን እትዬ ሚዛን እንላቸዋለን። ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት መስኮት ሲወለውሉ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ ጤና ጣቢያው በሰፈራችን ውፍረትን ለመከላከል የጀመረውን ሥራ ያዙ። በሳምንት ሁለት ቀን በጤና ጣቢያው ጓሮ ያስሮጡናል፣ ቅዳሜ ዘይት ቀንሶ ማብሰል ያስተምሩናል፣ ወር በገባ ቁጥር ደግሞ መዝነውን፣ ኪሏችንን ጮክ ብለው ተናግረው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ።

ሰፈራችን መናፈሻ የለውም። መንገዱን መኪና ወስዶታል፤ እጃችን የሚደርስበት ምግብም ዘይትና ስኳር የበዛበት ነው። ያቺ ጓሮ ባትኖር እኔ ዛሬም ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ አቃስት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሥራውን የሚደግፈው ድርጅት ገምጋሚ ላከ። ለውጥ ካለ ይቀጥላል፣ ከሌለ ግን ወሩ ሲያልቅ ጓሮው ይቆለፋል ተባለ። ገምጋሚዋ ፈገግታ የማታበዛ ወጣት ናት፤ የራሷን ሚዛን ይዛ መጥታ አርባችንንም መዘነችን። እኛ እንኳን ልንፈራ፣ እየተሳሳቅን ነበር የወጣንበት። ከዚያ ኮምፒውተሯን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ ደግማ አየች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጋር ሳስተያየው ሰዉ በአማካይ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል።»

ጉድ ፈላ! አብሮን የሚሮጠው ባለሥጋ ቤት ቀበቶውን ይዞ ተነሳ። «ታዲያ ይሄ ሱሪ ምን ሆኖ ነው የሚወልቅብኝ?» ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፣ አፌ ግን አልከፈት አለ።

እትዬ ሚዛን ራሳቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን የመጀመሪያውን ቀን ከሁሉም ላይ አምስት አምስት ኪሎ ቀንሼ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?»

«አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ኪሏቸውን ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልጥራው? ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«በወሩ እውነቱን ብጽፍ፣ አምስት ኪሎ ወፈራችሁ ልበላቸው? በየወሩ አምስት እየቀነስኩ ዘለቅሁት።»

ገምጋሚዋ መዝገቡን ከደነችው። «እትዬ፣ አምንዎታለሁ። ግን በቃል ብቻ ሪፖርት አይጻፍም» አለች። ይሄኔ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ደም ግፊት ያለብን ሰዎች በዚያው በመጀመሪያው ቀን እሷም ዘንድ ተመዝነን ክብደታችን ለኛ ሳይነገር በየካርዳችን መጻፉ ትዝ አላት። ነርሷና ገምጋሚዋ ክፍል ዘግተው ካርድ ያገላብጡ ጀመር። እኛ ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ሚዛን ውሃ ሰጥተናቸው አልጠጡም፤ «አቀናሁ ብዬ አጠፋኋችሁ» ይላሉ ደጋግመው። አንጀቴን በሉት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። «ሃያ ስድስት ካርድ አየን» አለች ገምጋሚዋ፤ «ሁሉም ከመዝገቡ በአምስት ኪሎ ይበልጣል፤ አንድም የተዛነፈ የለም። ካርድ ያላችሁት በአማካይ ሦስት ኪሎ ተኩል ቀንሳችኋል። ይቀጥል ብዬ እጽፋለሁ። ሚዛኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ ነርሷ ትይዛለች።»

እፎይ! ሳላፍር አለቀስኩ። እትዬ ሚዛንም ውሃውን አንስተው ጭልጥ አደረጉት።

ገምጋሚዋ ግን አልጨረሰችም። «ሌላ ሰፈር ግማሹ ሰው ከተመዘነ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። እናንተን እዚህ ምን አቆያችሁ?»

«እኔ» አልኩ፣ አፌ አሁን ተከፍቶልኝ፣ «ያን ቀን አጎንብሼ ሚዛኑን አይቼዋለሁ። ዘጠና ስምንት ይላል። እትዬ ጮክ ብለው ዘጠና ሦስት አሉ። ዘጠና ስምንት ቢሉ ኖሮ በማግስቱ ድርሽ አልልም ነበር።»

«አይተሽ ነበር?» አሉ እትዬ ሚዛን፣ ክው ብለው።

«እኔም አይቻለሁ» አለ ባለሥጋ ቤቱ ወደ መሬት እያየ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ቀጥሎ እህቷ። ብቻዬን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ስል ከግማሻችን በላይ እጃችን ወጥቷል። እትዬ ሚዛን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ይስቁ ጀመር።