ጀርባው ባዶ ካርድ

ባለፈው ሳምንት ሀያትስቪል አንድ ቤት ዕቃ ሲሸጥ አየሁና ጎራ አልኩ። አንድ የጫማ ካርቶን ስከፍት የምድር ቤት እርጥበት የጠጣ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታው። ምን ልበልሽ፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ሻጭዋ አለርጂ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ።

አባቴ ፖስትካርድ ይሰበስብ ነበር። እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ይሠራል፣ የልብ ጓደኛው ደግሞ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የመቶ ዓመት የበዓል ካርድ እንዴት እንደለከፋቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። አውቶሞቢል የሚነዳ አሳማ፣ ባለ መጥረቢያውን ገበሬ የሚያባርር ተርኪ የሚባለው የፈረንጅ ዶሮ፣ የእንቁላል ጋሪ የሚጎትቱ ጫጩቶች እያዩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የፈረንጆቹ በዓል ሲያልፍ ካርዱ ይረክሳል፤ የእኛ በዓል ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያ መሀል ይገዙና ለእኛው ገናና ፋሲካ በፖስታ ይላላካሉ። በመኪና ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ። እናቴ ሁለቱ ሕፃናት ትላቸው ነበር።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ አይጻፍበትም። ምኞታቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከካርዱ ጋር ኤንቨሎፕ ውስጥ ይከቱታል። ልጅ ሳለሁ አንዱ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፌ የአባቴ ጓደኛ ወር ሙሉ አኩርፎኛል። ያን ኩርፊያ እንዴት እንደረሳሁት ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ አባቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ጓደኛው ሥራ ቦታ ወድቆ ሞተ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ተማከረችና ቁስሉ እስኪጠግግ መርዶው ይቆይ ተባለ። ለአባቴ ጓደኛህን ጉንፋን ይዞት ነው፣ እንዳያጋባብህ ፈርቶ ነው የቀረው አልነው። ስልክስ ሲል ድምፁ ተዘግቷል አልን። ውሸቱ ቀላል ነበር፤ አባቴ ያምነናል።

ገና ሲቃረብ ግን አላስቀምጥ አለኝ። "እስቲ ሜይሉን ቼክ አድርጊልኝ" ይለኛል በየቀኑ። "ኖ ሜይል፣ ዳድ" ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እናቴ ይህን ማየት ሲከብዳት ወጥ ቤት ጠርታ፣ "በጓደኛው ስም ካርድ አንቺ ላኪለት፤ የእጅ ጽሑፉን ታውቂዋለሽ" አለችኝ።

አሌክሳንድሪያ ወንዙ አጠገብ ካለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ሄጄ ምርጡን ፈለግሁ። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ካባ የለበሰ የገና አባት መኪናው ተበላሽቶበት በአህያ ይጎተታል። የጓደኛውን ጽሑፍ ሁለት ቀን ስለማመድ ቆየሁና ባዶ ጀርባው ላይ በእስክርብቶ፣ እንኳን አደረሰህ ወንድሜ፣ ጉንፋኑ ሲለቀኝ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያው ከአሌክሳንድሪያ ፖስታ ቤት ላክሁት። በብልጠቴ ኮርቼ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ካርዱ የደረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የብርዱ ወቅት ፀሐይ ሶፋው ላይ ወድቋል። አባቴ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። ስንት ሳምንት ያልሰማነው ሳቅ ነው። ከዚያ ገለበጠውና ጣቱን ቀለሙ ላይ አሳረፈ።

"መቼ ነው የሞተው?"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"በሕይወት ቢኖር ይህን ካርድ አያበላሸውም" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "ቀብሩ ላይ ነበርሽ?"

ነበርኩ አልኩት፣ በአማርኛ።

እናቴ እንደ ወጉ ሰው ጠራች። መጡ፣ ተቀመጡም። ግን ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል፤ አርባው ሊወጣ ቀናት ነው የቀሩት። አንዷ ሴትዮ ሰዓቷን ታያለች፣ ሌላው ስለ በረዶው ያወራል። አባቴ ስፌቱ እንዳይላቀቅ ሆስፒታል የሰጡትን ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ብቻውን አለቀሰ።

"እሱ ሲቀበር እኔ የት ነበርኩ?" እያለ ይጠይቃል። እኔ ግን አውቅ ነበር። እዚያው ሶፋ ላይ ነበር። ከቀብሩ ስንመለስ ጥቁር ልብሴን መኪና ውስጥ ቀይሬ ገባሁና ምሳ በላህ ወይ አልኩት።