ያልሸተተችኝ ደወሌ

ከጅጅጋ በወጣሁበት ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እናቴ ስንቄን አንድ በአንድ እያነሳች ታሸት ነበር። ቅቤውን፣ በሶውን፣ ለልጄ ለሰናይት የተዘጋጀውን የአጃ ዱቄት። «ይኼ ደህና ነው፤ ይኼም ደህና ነው» ትልና መልሳ ትቋጥረዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እጇን አያለሁ። ከነገ ወዲያ ማን ያሸትልኛል እያልኩ እንደማስብ ታውቃለች፤ ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። አንዳችን ብንናገር ኖሮ ጓዜን ፈትቼ እቀር ነበር።

አፍንጫዬ ሥራ ካቆመ ያኔ ስድስት ወሩ ነበር። ከሶማሊያው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ አንድ ክረምት ጅጅጋ ላይ ከባድ ጉንፋን ገብቶ ቤት ለቤት ሰው ሲያስተኛ እኔም አሥር ቀን ተኛሁ። ስነሳ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ድምፄም ተመለሰ፤ ሽታና ጣዕም ግን አልተመለሱም። ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬ ይወርዳል፣ ሽንኩርቱ ግን አይሸተኝም። በርበሬ ያቃጥለኛል፣ ሎሚ ምላሴን ይቆነጥጠኛል፣ ከዚያ ያለፈ ምንም የለም። ወጥ ስበላ እርጥብ ጨርቅ የማኝክ ይመስለኛል።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ።»

«ታዲያ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«አይሸተኝም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ ስንት ቁስል እንደምፈታ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ አፍንጫ ካለሽ በኔው ለውጪኝ» አለና የራስ ምታት ኪኒን ሰጠኝ። በወር በሁለት ወር ይመለሳል ብሎኝ ነበር።

የቅንጦት ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። ስለ ራሴ ሆድ አልነበረም የምፈራው። ሕፃን ይዣለሁ። ወተት ሲበላሽ፣ ምግብ ሲያር፣ ላምባ ሲፈስ ለእናት የሚነግራት አፍንጫዋ ነው። ጅጅጋ ሳለሁ እናቴ ነበረችልኝ። ባለቤቴ ተሾመ ግን የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነውና ደወሌ፣ ከጅቡቲ ድንበር አፍ ላይ፣ ተመድቦ «ነይ» ብሎ ጽፎልኛል።

ድሬዳዋ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ሄድን። ሽንሌ ላይ ባቡሩ ሲቆም ነጋዴዎች ምን እንደጫኑ አላውቅም፣ ተሳፋሪው በሙሉ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳበ። እኔም ሳብኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የምኖረው፤ ሰው ሲያፍን አፍናለሁ፣ ሰው «እንዴት ደስ ይላል!» ሲል ደስ ይላል እላለሁ። አለማሽተቴ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ደወሌ ስንወርድ አንድ ዘበኛ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«ወዴት ነሽ?»

«ደወሌ ጌታዬ።»

«ደወሌማ ቆመሽባታል። ከዚህ ወዴት ነው የምትሻገሪው?»

«የትም። ባለቤቴ እዚህ ነው የሚሠራው።»

«ትናንትም አንዷ ባሌ እዚህ ነው አለችኝ፣ ከትናንት ወዲያም አንዷ። ይቺ ከተማ ይኼን ሁሉ ባል የት እንደደበቀችው አንድ ቀን ባየሁ!»

ይኼኔ ተሾመ በግሪስ እንደተለወሰ እየሮጠ መጣ። ዘበኛው ወረቀቱን መለሰልኝና «በል፣ አንዱ ተገኘ» አለ።

ምን ልበላችሁ፣ እናንተ የጅጅጋን ነፋስ የለመዳችሁ ሰዎች፣ ጠዋት ጋቢ ደርባችሁ የምትወጡ! የደወሌ ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ነው። ጅጅጋ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆይ ወተት እዚህ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይበላሻል። ባቡር ጣቢያውን «ጋር» ይሉታል፣ ፈረንሳይኛ ነው፤ ወተት «ዓኖ» ነው፣ ሱማሌኛ ነው። ሁለቱን ቃል በመጀመሪያው ቀን ተማርኩ። በሦስተኛው ቀን ጎርፍ ሐዲድ ቆርጦ ተሾመ ለሦስት ሳምንት ወደ ሥራ ተላከ፤ ቤት የመፈለጉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

ሰዎች ወደ ኤዶ ሃዋ ላኩኝ። «ኤዶ» አክስቴ እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ስድሳ ያለፋት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ናት፤ ወተትና ቆዳ ትነግዳለች። አማርኛዋን ከባቡር ሠራተኞች ነው የለቀመችው።

በሩን ከፈተችልኝና ገለል ብላ ቆመች። «ሰው አይቆይም እዚህ» አለች።

ገባሁ። ኖራ የተቀባ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር አንድ ጺማም አውራ ፍየል ታስሯል፣ ከወዲያ አጥሩ ላይ እርጥብ ቆዳ ተወጥሯል። ኪራዩም ርካሽ ነው።

«ደስ የሚል ቤት ነው» አልኩ።

ፊቴን አየችው። «ደስ የሚል?»

«በጣም።»

«ወላሂ በይ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል ኤዶ!»

ወዲያው በጭስ ከታጠነ የወተት ዕቃ የፍየል ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ጽዋውን ተቀብላ እንደገና ፊቴን አየች። ለካ የሚኮሳተር ፊት እየፈለገች ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ክብር ልነግራችሁ አልችልም። ውኃ ስቀዳ «ተዪ፣ ልጅ ይዘሻል» ብላ ትነጥቀኛለች። ለጎረቤቶቿ እየጠቆመች «የጨዋ ልጅ ናት» ትላለች። «የጉምሩኩ ሚስት መሐረብ ይዛ ገባች፣ መሐረብ ይዛ ወጣች። የመምህሩ ሚስት ወተቴን በስተኋላዋ ደፋች፣ አየኋት። ይቺ ግን እኛን አልተጸየፈችም።» ደግ ሆነው የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ተቀበልኩ።

ተሾመ ከሥራ የተመለሰ ዕለት በሩ ላይ ቆመ።

«ዘነቡ! ምንድን ነው እዚህ ቤት የሞተው?»

«ምን ሞተ? ማንም አልሞተም።»

በመስኮት አጮልቆ ፍየሉን አየ፣ ቆዳውንም አየ፤ ራሱን ያዘ። «ይኼን ታቅፈሽ ነው ሦስት ሳምንት የኖርሽው?»

ያኔ ገባኝና ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ክብር፣ ያ ሁሉ «የጨዋ ልጅ»፣ በሞተው አፍንጫዬ የመጣ ነው። ለኤዶ ሃዋ ልንገራት አልኩት።

«ምን ብለሽ? ያከበርኩሽ መስሎሽ እንጂ ስላልሸተተኝ ነው ብለሽ?»

እውነቱን ነው፣ ይህ አይነገርም። እሱም የሚወደኝ ባሌ ነውና ፎጣ አፍንጫው ላይ ጥሎ ተኛ እንጂ እንውጣ አላለኝም።

እኔ ግን ጭንቀቴ በረታ። ማንንም «አሽትቺልኝ» ልል አልችልም። ወተቱን እንደገዛሁ አፈላለሁ፣ የቤቱ ጥላ አንድ እርምጃ ካለፈ እደፋለሁ። ድስት ሲያር ድምፁን በጆሮዬ እጠብቃለሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙሶች ነበሩኝ፣ አንዱ የሰናይትን ወተት የማቀጥንበት ውኃ፣ ሌላው ላምባ፤ የላምባው አንገት ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

አንድ ጠዋት፣ ተሾመ ሥራ ላይ ሳለ፣ ሰናይትን በውኃ ያቀጠንኩትን ወተት ሳጠጣት ፊቷን አዞረች። እንደገና አስጠጋሁላት፤ ጥርሷን ነከሰች። ከአንድ ቀን በፊትም ሳትበላ ስለዋለች ተናደድኩና አገጯን ይዤ ወደ አፏ አፈሰስኩት። ተፋችው፣ አሳላት፣ ጮኸች። ሌላ ጉንጭ ልጨምር እጄን ሳነሳ ዓይኗን አየሁት። እልኽ ይዟት አልነበረም፤ እየለመነችኝ ነበር። ውኃ የጨመርኩበትን ጠርሙስ አየሁ። ክር የለውም። ሌላውንም አየሁ። ክር የለውም። ክሩ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ልጄን በአንድ እጄ፣ ጽዋውን በሌላው ይዤ ግቢውን ሮጥኩ።

«ኤዶ! አሽትቺልኝ!»

«ምኑን?»

«ወተቱን! እኔ አይሸተኝም፣ ምንም አይሸተኝም፣ አሽትቺልኝ!»

ገና ሳታስጠጋው ወረወረችው። «ላምባ!» ሰናይትን ነጠቀችኝ። ላስመልሳት ጣቴን ወደ አፏ ስሰድ እጄን መታችኝ። «አይሆንም! ወደ ሳንባ ይገባል!» ጣቢያው አጠገብ ካለው የጤና ረዳት ዘንድ ወሰድናት፤ እሱም አታስመልሷት፣ እስኪመሽ አተነፋፈሷን ጠብቁ አለን። ኤዶ ሃዋ ያን ቀን ወተቷን አልሸጠችም። ሰናይትን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ዋለች። ለሰላት ስትነሳ ብቻ ለእኔ ታቀብለኝና ተመልሳ ትወስዳታለች። ወደ ማታ ልጄ እንጀራ ለመነች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ኤዶ ሃዋ ሳለቅስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ፍየሉ?»

«አይሸተኝም።»

«ወተቴ? ጭሱ?»

«ይሞቃል፣ ነጭ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«እኔ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ» አለች። ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ዕቃዬን ስሰበስብ ገባች። የወተት ዕቃዋን ይዛለች። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ቀዳችልኝ። «የዛሬ ነው። ጥሩ ነው። ጠርሙሶችሽን አምጪ። ድስትሽንም።» ያለኝን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አሸተተች፤ የላምባውን ጠርሙስ ከቤቴ አውጥታ የራሷ በር ላይ አኖረችው።

«ኤዶ፣ አትቀየሚኝ» አልኳት።

«ተቀይሜያለሁ። ሌሊቱን ተቀይሜ አደርኩ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፤ የጉምሩኩ ሚስት አፍንጫዋ ደህና ነበር፣ ልጇን ግን አንድ ቀን አላስያዘችኝም። አንቺ ሮጠሽ የመጣሽው ወደ ማን ነው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለጎረቤት ግን እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

«እኔ ውሸታም ልባል?»

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት፣ ፀሐይ ሳትበረታ በየጠዋቱ መጣች። እንደ እሷ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ወተት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስታሸት ፍየሏ ትናንት የትኛውን ቁጥቋጦ እንደበላች ትነግራችኋለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ነፋሱን ስባ «ሽንሌ በኩል ዘንቧል» ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ባቡር እርጥብ ሆኖ ይደርሳል። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም፣ ትኩሳት ይዟት እንኳ በሰው ተደግፋ መጥታለች። አንድም ቀን ውለታዋን አላነሳችብኝም።

ልጄ ኤልያስ የተወለደው እዚያው ደወሌ ነው። በአርባኛው ቀን ለእናቴ ወደ ጅጅጋ በቀጠሮ ስልክ ደወልኩ፤ ኤዶ ሃዋ ልጁን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች። ይህን ለእናቴ የሚያነብላት ሰው እዚህ ላይ ቀስ ይበል። በየደብዳቤው «ሽታሽስ?» እያለች ስትጠይቀኝ፣ እንዳታስብ ብዬ፣ ተመልሶልኛል ብያት ነበር።

«ታዲያ ልጁ ምን ምን ይላል?» አለችኝ በስልክ። «አንገቱ ሥር አሽትቺና ንገሪኝ። እኔ እንደሆንኩ አልደርስበት።»

ወደ ኤዶ ሃዋ ዞርኩ። ስልኩ ይንሿሿል። ኤዶ ሃዋ የእናቴን ጥያቄ ሰምታዋለች፤ አፍንጫዋን ልጁ አንገት ውስጥ ቀበረችና በሹክሹክታ መናገር ጀመረች። እኔም ከአፏ እየተቀበልኩ ደገምኩ።

«አሁን የታለበ ወተት፣ እማዬ። ገና ሙቀቱ ያልወጣለት።»

«እሺ።»

«ከሥሩ ደግሞ… ዝናብ የነካው አሸዋ። ትንሽ ጨው። ጥጥ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ።»

እናቴ ወዲያ ማዶ አለቀሰች። «ተመስገን፣ ልጄ! ተመልሶልሻል!» አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ኤዶ ሃዋ ልጁን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። እኔም አፍንጫዬን እሷ በነገረችኝ ቦታ፣ አንገቱ ሥር፣ አስገብቼ ቆየሁ። ይሞቃል።