ፍሪዘር የገባው በርጩማ

የምሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ቅርሶች እንዳይበላሹ እንከባከባለሁ። ይህን የሰሙ አንዲት የቀራንዮ ጎረቤቴ፣ ሟች ባለቤታቸው ይቀመጡበት የነበረውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዘውልኝ መጡ። ነቀዝ በልቶት ዱቄት ያራግፋል።

«ልጄ፣ መድኃኒት የለውም?» አሉኝ።

«ብርድ ነው መድኃኒቱ፣ እማማ። በላስቲክ ጠቅልለን ሁለት ሳምንት በረዶ ቤት ብናቆየው ነቀዙ ያልቃል» አልኳቸው።

የእኔ ፍሪጅ ስለማይበቃው ዶሮ የሚሸጠውን የሰፈራችንን ባለሱቅ ለመንኩት። እየሳቀ ከዶሮዎቹ ጎን ፍሪዘር ውስጥ አስገባልኝ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ፍሪዘሩን ከፍታ የተጠቀለሉትን እግሮች ትነካካለች።

«ይሄ የምን እግር ነው?» ስትል ጠየቀች።

«የበርጩማ» አላት ባለሱቁ፣ ሂሳብ መመለሱን ሳያቋርጥ።

አዲስ የመጣ ሥጋ መስሏት ነው መሰል፣ «ለሾርባ ይሆናል?» አለችው።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዳቦውን ትቼ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ነቀዙ አልቆ ዱቄቱም ቆመ። እማማ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ምርቃቱን አዥጎደጎዱልኝ። በማግስቱ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ብከፍት፣ ቁም ሣጥናቸውን በሁለት ወጠምሾች አሸክመው ቆመዋል።