የመዳቡ አውራ ዶሮ በጉሊኮ ጣራ ላይ

ጣራ ሊያሠራ የመጣን ሰው ኤርሚሌ መጀመሪያ የሚወስደው ወደ አጥሩ ነው። ግቢው ፊቱን ወደ ባሕሩ ነው፤ በዚያ በኩል ያለው አጥር ከዳር እስከ ዳር የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። በወደብ ከተማዋ በፖቲ ገበያ አዲስ ዓይነት ቆርቆሮ በመጣ ቁጥር ከነጋዴው አንድ ቁራጭ ይለምናል፤ መሀሉን በምስማር ይጭረዋል፤ አጥሩ ላይ ይመታዋል፤ ከዚያ ይተወዋል። ሁለት ሦስት ክረምት የጨው ነፋስ ከመታው በኋላ ጥሩውና መጥፎው ይለያል። አንዱ ጭረቱ ላይ ብቻ ይዝጋል። የአንዱ ቀለም ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ከጫፉ ይላጣል። አንዱ ደግሞ በጣት ሲነኩት ይበሳል።

አብሮት የተማረው ሙርማን የበጋ እንግዶች የሚያድሩበት ቤት ሲሠራ ቀይ ቆርቆሮ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ነበር። ኤርሚሌ ጎትቶ አጥሩ ጋ አቆመው።

«እንግዳው ከመንገድ ሆኖ እንዲያየው ነው» አለ ሙርማን።

«ያየዋል። በአራተኛው ዓመት ደግሞ አልጋው ላይ ተኝቶ ኮከብ ይቆጥራል።»

«አንተ እኮ ጌታ ራሱ መጥቶ ጣራ ሥራልኝ ቢልህ፣ መጀመሪያ አጥሬን እይ ነው የምትለው።»

«ቤቱ ባሕር ዳር ከሆነ አዎ።»

ሙርማን ግራጫውን ገዛ፤ አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባውን፣ ጭረቱ እንኳ ያልዛገውን። ያንን ዓመት ሙሉ ኤርሚሌን ሲረግመው ከረመ። የሌሎች ቀይ ጣራ መላጥ ሲጀምር መርገሙን ተወ።

ኤርሚሌ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይዞ ጣራ ላይ አይወጣም። የጋለው ብናኝ ቆርቆሮው ላይ ያርፍና በማግስቱ ጤዛ ሲነካው እንደ ፈንጣጣ ይዝጋል። የሚቆርጠው በእጅ መቀስ ነው። ብሎኑን ከቆርቆሮው ሽንሽን ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ ከሚሄድበት ቦይ ውስጥ አያስርም፤ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ጎሚኒ ያደርጋል። ሥራው ሲያልቅ ለቤቱ እመቤት አንድ ነገር ይነግራል፦ የጣራውን ክፈፍ ከሥሩ በየፀደዩ በንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ ዝናብ እዚያ አይደርስም፣ ጨው ግን ይደርሳል። ከትርፉ ቆርቆሮ ደግሞ ጉልላት ቆርጦ ይሰጣል። ለአንዱ ኮከብ፣ ለአንዱ ጽዋ፣ ለአንዱ ወፍ። በእኛ አገር ጉልላት የሌለው ጣራ ያላለቀ ጣራ ነው።

ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ፂያላና እሱ የነበራቸው አንድ የክርስትና ልጅ ነው፤ የጎረቤታቸው የጉሊኮ ልጅ ኤምዛር። ጉሊኮ ባሏ ቀድሞ ሞቶባት ልጁን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ኤምዛር በበጋ ከኤርሚሌ ጋር ጣራ ላይ ይወጣል፤ በብርዱ ክረምት ጣራ ስለማይሠራ ትንንሽ ዓሣ በሚያጠምድ ጀልባ ላይ ይቀጠራል።

አንድ ጥር ላይ ጀልባይቱ ተገለበጠች። አራት ነበሩ። የሦስቱን ሬሳ ባሕሩ ሱፕሳ ወንዝ አፍ ላይ መለሰ። ኤምዛርን አልመለሰውም።

የሰጠመ ሰው ነፍስ ውሃው ዳር ትንከራተታለች ይባላል። ስለዚህ አሮጊቶቹ ባለ አራት አውታሩን ጮንጉሪ ይዘው ወደ አሸዋው ወረዱ፤ አንድ ነጭ አውራ ዶሮም ይዘው ነበር። ጮንጉሪው ይመታል፣ ዶሮው ይጮሃል፣ ነፍሲቱ የዶሮውን ድምፅ ተከትላ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ ቀብር ይሆናል። ያን ቀን ሴቶቹ ጣታቸው እስኪደነዝዝ መቱ። ዶሮው አንገቱን ክንፉ ሥር ቀብሮ ዝም አለ።

ጉሊኮ ዶሮውን ከያዘችው ሴትዮ እጅ ተቀብላ በመጎናጸፊያዋ ሸፈነችው። በርዶት ነው ብላ ወደ ቤት ሄደች። ቄሱ ባዶ ሣጥን ይቀበር ሲሏት እምቢ አለች። ዶሮው ሳይጮህ፣ ልጄ ቤቱ ሳይገባ፣ መቃብር የሚባል ነገር አልሰማም አለች። የኤምዛርን አልጋ አንጥፋ ጠበቀች።

ጀልባዋን የገለበጠው ማዕበል የጉሊኮንም ግማሽ ጣራ ወስዶ ነበር። በፀደይ ኤርሚሌ አጥሩ ላይ በልጦ የተገኘውን ቆርቆሮ አመጣና ይሠራ ጀመር። ማገሩን ለወጠ፤ ጣራውን ለብቻው ከደነ፤ ሰው አላስጠጋም። ሊጨርስ ሲል ጉሊኮ የባሏን የአረቄ ማውጫ ክዳን ይዛ መጣች። መዳብ ነው። አባትየው ወይን በተለቀመ ቁጥር በሱ ያወጣ ነበር፤ ከሱ በኋላ ኤምዛር።

«ጉልላቱን ከዚህ ሥራልኝ። አውራ ዶሮ አድርገው። ከባሕር የሚታይ።»

ኤርሚሌ ክዳኑን ተቀብሎ አገላበጠው። መዳብ ከጣራ በላይ አይቀመጥም፤ ከመዳብ ላይ የሚወርድ ውሃ ቆርቆሮውን ይበላዋል፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይቸኩላል። ይህንን ነገራት። ከፈለገች ከቆርቆሮው ዶሮ ቆርጦ ቀይ ቀለም እንደሚቀባላት ነገራት።

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል ለመብላት?» አለች።

«አላውቅም። ዓመታት።»

«እንግዲያው ይብላው።»

ለማንም ያላደረገውን ለአበልጁ አደረገ። ዶሮውን ቀጥቅጦ ሠራው፤ ጅራቱን ከፍ፣ አፉን ክፍት አደረገው። ከእግሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ አነጠፈ፤ መዳቡን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። ቫርኒሹ እስካለ ድረስ ውሃው መዳቡን አይነካውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወይን ሲለቀም መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል፤ ወጥቶ ዶሮውን እንደገና ይቀባል። ጉሊኮ ከሥር የበቆሎ ቂጣና አይብ ይዛ ትጠብቀዋለች። በልቶ ይሄዳል። ስለ ኤምዛር አያወሩም።

እንዲህ ብዙ ዓመት ሄደ። በኋላ ኤርሚሌ ከሙርማን ቤት መሰላል ወደቀና ጉልበቱ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለት፤ ጣራ እንዳይወጣ ከለከሉት። በዚያ መኸር ጉሊኮን፣ ዶሮውን የሚቀባ ሌላ ሠራተኛ ልላክልሽ አላት። ሌላ ሰው ጣራዬ ላይ አይወጣም አለች። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት በምርኩዝም ቢሆን ልምጣ ሲላት፣ ጉልበትህን አስብ፣ ዶሮው ምንም አልሆነም ብላ መለሰችው።

በዚያው ኅዳር፣ ኤርሚሌ አጥሩ ላይ የተፈታ ቁራጭ ሲመታ፣ ጉሊኮ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ፊቷ በራ ብሏል።

«ኤምዛር መጣ፣ አበልጄ።»

መዶሻውን አወረደ።

«አልጋው እርጥብ ነው። ትራሱ ላይ፣ ደረቱም የሚያርፍበት ጋ። ጠዋት ስገባ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። አምና አንድ ሁለቴ ነበር። ዘንድሮ ደጋገመው።»

«ዝናብ የዘነበ ቀን ነው?»

«ባሕሩ የተቆጣ ቀን።»

«ጉሊኮ፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት።»

«እኔ ባሕሩን ነው ያልኩህ» አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የኤምዛር አልጋ በትክክል ከዶሮው ሥር ነው። ኤርሚሌ ቫርኒሹ ማለቁን ለማወቅ ወጥቶ ማየት አላስፈለገውም። ማታ ለፂያላ ነገራት። እሷ ዓሣ እየጠበሰች ነበር፤ ዞር ሳትል ሰማችው።

«ተወው» አለች።

«ማገሩ በስብሷል ማለት ነው። ዶሮው ሦስት ዓመት አልተቀባም፤ እንጨቱ ከአምና ጀምሮ ውሃ ጠጥቷል። የጥር ነፋስ ሲመጣ ጣራው ይገነጠልና እላይዋ ላይ ይወርዳል።»

«አንተ ጣራ ልትደፍን ነው የምትሄደው? ወይስ ልጇን ልትቀብርባት?»

«በቁሟ ጣራ ይውደቅባት?»

ፂያላ ምጣዱን ከእሳቱ አነሣች። ዓሣውን አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት፤ እሷ አልበላችም።

እሑድ ጠዋት ጉሊኮ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ኤርሚሌ ሙርማንን መሰላል አስያዘው። ኤርሚሌ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ሙርማን መሰላል ባየ ቁጥር ያማትባል።

«ከወደቅክ ፂያላ አንተን ትታ እኔን ነው የምትገድለኝ።»

«ያዘውና ዝም በል።»

በአንድ እግሩ እየጎተተ ወጣ። ከዶሮው እግር ጀምሮ ወደ ታች አረንጓዴ መስመር ወርዷል። በመስመሩ ግራና ቀኝ ቆርቆሮው ነጭ ዝገት አውጥቷል፤ ከዚያ ቀይ፤ መሀሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ። የቀረው ጣራ እንደተመታበት ቀን ነበር። ማገሩን በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ገባ።

ሁለት ቆርቆሮ አነሣ። ማገሩን ቆርጦ ለወጠ። አዲሱን ቆርቆሮ መታ። ዶሮውን ግን ወደ ጓዳ አልወረወረውም። በክፈፉ ጥግ፣ ከአሸንዳው ውጭ በሚዘልቅ ብረት ላይ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ አሠረው። እዚያ ሆኖ የሚያንጠባጥበው መሬት ላይ ነው። ስትመጣ ምን እንደሚላት አዘጋጅቶ ነበር፦ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ባሕሩን ያያል።

ጉሊኮ ከቅዳሴ ስትመለስ እሱ የመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ላይ ነበር። ቀና ብላ ጣራውን፣ ዶሮውን፣ እሱን አየች። ምንም ሳትል ገባች። ሙርማን መሰላሉን አጥፎ፣ ብትሰድብህ ይሻል ነበር አለው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከባሕር የመጣ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ጉሊኮ መጣች፤ ግቢው ውስጥ አልገባችም፤ በሩን በእጇ ይዛ ቆመች።

«አልመጣም» አለች።

ኤርሚሌ ምርኩዙን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ሲጀምርም እሱ ሊነግራት ይገባ እንደነበር፣ ውሃው ከመዳቡ እንደሆነ፣ ማገሩ እንዴት እንደበሰበሰ ሊነግራት ጀመረ። አቋረጠችው።

«ጣራ ማፍሰሱን የማላውቅ መሰለህ? ስልሳ ዓመት ጣራ ሥር ኖሬ? መጀመሪያው ቀን ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ቀዳዳው በመርፌ የተወጋ ያህል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትደፍነዋለህ።»

ጉሊኮ በሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«እያወቅኩ ነው እርጥቡን አንሶላ የማጥበው። እያጠብኩ፣ ምናልባት እላለሁ። ያቺን ምናልባት ነው የደፈንክብኝ፣ አበልጄ።»

«ጣራው ይወድቅብሽ ነበር።»

«ይውደቅ። የኔ ጣራ አይደለም?»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ፂያላ ምግብ ስትወስድላት ትቀበላለች፤ ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች፤ የሱን ስም ግን አታነሣም። ዶሮው ክፈፉ ጥግ ላይ ቀረ፤ አታወርደው፣ ቀና ብላም አታየው። በገና ሰሞን ፂያላ ስትገባ፣ ጉሊኮ ከራሷ አልጋ ተነሥታ ወደ ኤምዛር አልጋ መዛወሯን አየች። ለምን አላለቻትም። አልጋው አሁን ደረቅ ነው።

የዚያ ጥር ማዕበል ክፉ ነበር። የሙርማን በረንዳ ሄደ፤ የትምህርት ቤቱ አጥር ወደቀ። የጉሊኮ ጣራ አንድ ብሎን አልላላም። ኤርሚሌ ጠዋት መጥቶ መንገዱ ላይ ቆሞ አየው። የጭስ ማውጫው አይጨስም ነበር። ፂያላን ጠርቶ ላካት። ጉሊኮ የኤምዛር አልጋ ላይ፣ አንሶላዋ እንደተስተካከለ፣ ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

ሲቀብሯት ቄሱ የኤምዛርም ስም ከእናቱ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ይቀረጽ አሉ። ሁሉም ተስማማ። እምቢ ያለው የክርስትና አባቱ ነው። እሷ አልፈቀደችም አለ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ድንጋዩ ላይ የእሷ ስም ብቻ ተቀረጸ፤ ከሥሩ ሌላ ስም የሚያስገባ ቦታ ተተወ። ኤርሚሌ የመዳቡን ዶሮ ከክፈፉ አውርዶ ድንጋዩ አናት ላይ ተከለው። ቫርኒሹን ጠርጎ አነሣለት። ድንጋይን መዳብ አይበላውም።

አሁን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከዶሮው እግር አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል። በስሟ ላይ ያልፍና ባዶው ቦታ ላይ ይደርቃል። አሮጊቶቹ ሊያጥቡት ሲሞክሩ ኤርሚሌ ተዉት አላቸው።

ቤቱ ዝግ ነው። ወራሽ የለውም። በየፀደዩ ኤርሚሌ ባልዲ ይዞ እየሄደ ክፈፉን ከሥሩ በንጹሕ ውሃ ያጥባል። ጣራው አያፈስም።