ቅጠል የሚሰፋው ድብ

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የጭሮ የታኅሣሥ ጠዋት እግር ያደነዝዝ ነበር። እንዲሞቀን አግዳሚው ላይ ተጣብቀን ስንቀመጥና ስንገፋፋ፣ አንዱ ከዳር ሲወድቅ፣ ክፍለ ጊዜው ሳይጀመር ይጋመሳል። ሰላም የነሳናቸው ቲቸር አልማዝ አንድ ቀን ማስተማሩን ተዉትና ከቦርሳቸው የሥዕል መጽሐፍ አወጡ። ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር።

የቂል መጽሐፍ ነው። ሹራብ የለበሰ ወፍራም ድብ፣ የዛፉ ቅጠል ቀልቶ ሲረግፍበት ይደነግጥና በመርፌና ክር መልሶ ሊሰፋው ይነሳል። ንፋሱ ያራግፋል፣ እሱ ይሰፋል፤ በመጨረሻ የራሱን ሹራብ ከቅርንጫፉ ጋር ሰፍቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ፈትያ ብቻ አልሳቀችም። አባቷ ከከተማው ዳር ጫት ያለማ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ማሳውን ውርጭ መትቶት ቅጠሉ ጠቁሮ ረግፏል። በደሳ ከተማ ወደሚኖረው አጎቷ ሊሄዱ እንደሆነ ከሰማች ወዲህ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ማረፍ አልቻለም። እግሯ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የእኔም ጽሑፍ ይጣመም ነበር።

እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ውርጭ መትቶት ነው?»

አይደለም አሉ ቲቸር። በዚያ አገር በየዓመቱ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት እንዳለ፣ ዛፉ ግን እንደማይሞት፣ ብርዱ ሲያልፍ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ አስረዱን።

«የእኛም ይወጣል?»

«ሥሩ ካልሞተ ይወጣል።»

እረፍት እንደተደወለ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች፤ ተከተልኳት። በባጃጆቹ መሃል፣ በጫት ተራው በኩል፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ ስትሮጥ ልደርስባት አልቻልኩም። አባቷ የጠቆረውን ጫት ሊቆርጥ ማሳው ውስጥ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል። ትንፋሿ ሳይመለስ «አቦ፣ ኒ ቢቂላ» አለችው። አባዬ፣ ይበቅላል ማለቷ ነው።

መጥረቢያውን መሬት አስቀምጦ ቁጢጥ አለና ሻሿን አስተካከለላት። ከዚያ ቀስ ብሎ በዚያው በኦሮምኛ፣ «እንደሚበቅልማ አውቃለሁ ልጄ። እስኪበቅል ምን ትበያለሽ?» አላት።

«እኛ ቤት ትበላለች» አልኩ እኔ።

ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ። ቅዳሜ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ሄዱ።

ሰኞ አግዳሚው ሰፋኝ፤ መቀመጥ አቃተኝ። የበልግ ዝናብ ከጣለ በኋላ ብቻዬን ወደ ማሳው ወጣሁ። ከተቆረጠው ጉቶ ሁሉ ቀላ ያለ ለጋ ቀንበጥ ወጥቷል። ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው እየሮጥኩ አየሁት፤ የምነግራት ግን አጠገቤ አልነበረችም።

ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ቤት ተሠርቷል። የልጄ ጓደኛ ባለፈው ከቤተሰቧ ጋር ወደ ገለምሶ ከተማ ተዛወረች፤ ማታውኑ በስልክ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። በእኛ ጊዜ በደሳ ሄደ ማለት ሄደ ማለት ነበር። አሁንም በሚኒባስ በበደሳ ሳልፍ መስኮቱን እከፍትና በእኔ ዕድሜ ያለችውን ሴት ሁሉ አያለሁ። ሾፌሩ ይፈጥናል፤ የአንዷንም ፊት ሳልለይ ከተማው ያልቃል።