ቤት ልከራይ ሄጄ የንስሐ አባቴን ተጠየቅሁ

«የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?»

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ቤት ልከራይ ሄጄ አከራይዋ እትዬ ዘውዴ በር ላይ የጠየቁኝ ይህን ነው።

እኔ እኮ ወር ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ! ኪራዩን፣ የደላላውን፣ ፍራሹን፣ ጀሪካኑን፣ ዕቃ የሚያመላልሰውን ባጃጅ ሳይቀር በደብተር ጽፌያለሁ። የንስሐ አባት ግን ደብተሬ ላይ የለም።

«የሁለት ወር ቅድሚያ ይዣለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ብርማ ሁሉም ይዞ ይመጣል። አንተን ማን ያውቅሃል?»

ቁይ ከተማ ላለችው እናቴ ደወልኩ። «እማ፣ የንስሐ አባታችን ማን ነበሩ?»

«ምን ሆንክብኝ ልጄ? አሞሃል እንዴ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

(ለካ ይህን ጥያቄ ጤነኛ ሆኜ ጠይቄያት አላውቅም።)

«ደህና ነኝ፣ ቤት ልከራይ ነው» ስላት ይባስ ግራ ገባት። እትዬ ዘውዴ ስልኩን ተቀብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ብሬን ይዤ ግቢ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ከእናቴ ጋር ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

ሲወጡ ቁልፉን ሰጡኝ። «ቅዳሜ ይመጣሉ» አሉኝ።

«ማን?»

«እናትህና የንስሐ አባታችሁ ናቸዋ! ቤቱ ጸበል ሳይረጭ ልታድርበት ነው እንዴ?»

አሁን ፍራሽ ተራ ቆሜያለሁ። አንድ ልግዛ ሦስት? ራሴን ችዬ ልወጣ ነበር እኮ!

እናንተስ፣ የመጀመሪያ ቤታችሁን ስትከራዩ ደብተራችሁ ላይ ያልነበረው ምን ነበር?